ስለ ፋኖስ ማርሽ፤ የጥርስ አከፋፈልና አገጣጠም

ባለፈው ዓመት በወላጆች ቀን የሳይንስ ክበባችን ከእንጨት የተሠራ አንድ የወፍጮ ምሳሌ ማሳየቱ የሚታወስ ነው። ትልቁ መንኰራኩር በእጅ አንድ ጊዜ ሲዘወር ትንሿ የወፍጮ ድንጋይ ከአምስት ጊዜ በላይ እየተሽከረከረች ጥቂት በቆሎ ትፈጭ ነበር። ብዙ ወላጆች እየቀረቡ «ይህ ነገር የሚዞረው በምን ብልሃት ነው? ጥርሱስ ሳይጋጭ እንዴት ይገባል?» ብለው ጠይቀውናል። በዚያን ቀን ከሰው ብዛት የተነሣ ተገቢውን መልስ ሳንሰጥ ቀረን። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔት ላይ መልሱ እንዲወጣ ሲወሰን፥ የክበባችን መምህር ጽሑፉን ለእኔ ሰጡኝ። ምክንያታቸውም «የተሳሳተው ሰው ቢጽፈው አንባቢ ይበልጥ ይረዳዋል» የሚል ነበር። በእርግጥም መኪናው ከመዞሩ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል አልዞርም ብሎ ያስቸገረን በእኔ ጥፋት ነው።

አስቀድሞ ፋኖስ ማርሽ ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። ሁለት ክብ ጣውላዎች በአንድ ዛቢያ ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በሁለቱ መካከል በክብ የተደረደሩ ድቡልቡል ዘንጎች ይሰካሉ። መልኩ በሽቦ ዘንጎች የታጠረውን የድሮ ፋኖስ ስለሚመስል በፈረንጆችም ዘንድ የተጠራው በዚሁ በፋኖስ ስም ነው። ከዚህ ፋኖስ ጎን ጥርሳም መንኰራኩር ይቆምና ጥርሶቹ በዘንጎቹ መካከል እየገቡ ይገፏቸዋል። እንግዲህ ፋኖሱ ራሱ ጥርስ የለውም፤ የጥርስን ሥራ የሚሠሩለት ዘንጎቹ ናቸው። ድቡልቡል ዘንግ መሥራት ደግሞ ጥርስ ከመቅረጽ እጅግ የቀለለ ስለሆነ፥ ብረት ውድ በነበረበት ዘመን አናጢዎች ይህን ዓይነት ማርሽ አብዝተው ይሠሩበት ነበር። በሆላንድ አገር የነፋስ ወፍጮዎች ውስጥ በቁመት የቆመው ትልቁ ዛቢያ አንድ ትልቅ ጥርሳም መንኰራኩር ያዞራል፤ ይህም መንኰራኩር ከወፍጮው ድንጋይ በላይ ያለውን ፋኖስ ያሽከረክራል። እኛም በምሳሌነት የወሰድነው ይህንኑ ክፍል ነው። በአሜሪካ አገር በብዛት ይሠሩ በነበሩት የነሐስ የግድግዳና የመደርደሪያ ሰዓቶች ውስጥም እንደ መርፌ ከቀጠኑ የብረት ዘንጎች የተሠሩ ትናንሽ ፋኖሶች ይገኛሉ።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። ሁለት ማርሾች ሲሠሩ ከሁሉ በፊት የሚሣለው የመገናኛ ክብ የሚባለው ነው። ይኸውም ጥርስ የሌላቸው ሁለት መንኰራኩሮች ጠርዝ ለጠርዝ ተነካክተው ሳይንሸራተቱ ቢሽከረከሩ የሚኖራቸው ክብ ማለት ነው። ክቡ በሥዕል ላይ እንጂ በተሠራው ዕቃ ላይ አይታይም፤ ነገር ግን ልክ ሁሉ የሚነሣው ከእርሱ ነው። እኛ ለፋኖሱ 8 ዘንግ፥ ለመንኰራኩሩ 40 ጥርስ ወሰንን። የፋኖሱ የመገናኛ ክብ ዲያሜትር 80 ሚሊሜትር፥ የመንኰራኩሩ 400 ሚሊሜትር ሆነ። ስለዚህ ከዛቢያ እስከ ዛቢያ ያለው ርቀት የሁለቱ ራዲየስ ድምር፥ ማለት 240 ሚሊሜትር ነው።

ቀጥሎ የሚፈለገው ከአንዱ ጥርስ መካከል እስከ ቀጣዩ ጥርስ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ይህን እኛ «እርምጃ» ብለን ሰይመነዋል። የመንኰራኩሩ እርምጃና የፋኖሱ እርምጃ ፈጽሞ እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ ጥርሱ ሲደርስ ቦታው አይጠብቀውም። ሒሳቡ ቀላል ነው። 80 በ3.1416 ሲባዛ 251.33 ይሆናል፤ ለ8 ሲካፈል 31.416 ሚሊሜትር ይደርሳል። 400 በ3.1416 ሲባዛ 1256.64 ይሆናል፤ ለ40 ሲካፈል ያው 31.416 ነው። ሁለቱ መልሶች አንድ በመሆናቸው በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ክቦቹን በጣውላው ላይ የማካፈል ሥራ የተሰጠው ለእኔ ነበር። ሁለት ሹል እግር ያለውን ኮምፓስ በ31.4 ሚሊሜትር ከፍቼ በትልቁ ክብ ላይ እየተራመድሁ ዞርሁ። 40ኛው እርምጃ ሲያልቅ ከመነሻዬ የተሳሳትሁት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ያችንም ጥቂት አስተካክዬ ጥርሶቹን ከኮምፐርሳቶ ቈረጥን። ከዚያ ያንኑ ኮምፓስ ሳልነካካ በትንሹ ክብ ላይ አዞርሁት። ሰባት ጊዜ ከተራመድሁ በኋላ የቀረው ቦታ 25 ሚሊሜትር ብቻ ሆነ። ከ6 ሚሊሜትር በላይ ጐድሏል! ቈጠራ የሳትሁ መስሎኝ ደገምሁት፤ ያው ነው። የኮምፓሱ እግር ወፍሮ ይሆናል አልሁና በግምት ወደ 30.8 አጠበብሁት። አሁን የመጨረሻው ክፍተት 29.3 ሚሊሜትር ሆነ። ከሌሎቹ የሚያንሰው በ1.5 ሚሊሜትር ነው። እንጨት ነው፥ ይህን ማን ያየዋል ብዬ ቀዳዳዎቹን በመሰርሰሪያ በሳሁ። በጓደኞቼ ፊት ግን «ልክ ገብቷል» አልሁ። ይህን ዛሬ ስጽፍ ያሳፍረኛል።

መኪናው ሲገጠም ጥቂት ከዞረ በኋላ ቀጥ አለ። ገፋ ሲያደርጉት ጮኸና አለፈ፤ ደግሞ ቆመ። የሚቆምበትን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አደረግሁበት። አንድ ሙሉ ዙር ሲጨርስ አምስት ጥርሶች ምልክት ተደርጎባቸው ነበር፤ ቍጥራቸውም 3፣ 11፣ 19፣ 27 እና 35 ነበር። ሁልጊዜም የሚቆመው በእነዚሁ ላይ ስለ ሆነ ጥፋቱ የእነርሱ ነው ብዬ ፈረድሁ። መንኰራኩሩን በሞርሳ አስሬ አምስቱንም ጥርሶች ወደ አንድ ሚሊሜትር ያህል በሞረድ ቀነስኋቸው። መኪናው ዞረ። ነገር ግን ፋኖሱ አንድ ዙር በዞረ ቍጥር «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ድንጋዩም በዚያች ቅጽበት ይንገጫገጫል። የወላጆች ቀን አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

አባቴ አናጢ ናቸው። ቅዳሜ ዕለት መንኰራኩሩንና ፋኖሱን ከነማቆሚያው ተሸክሜ ወደ ቤት ሄድሁና አሳየኋቸው። ጥቂት አዙረው ካዳመጡ በኋላ የሞረድሁትን ጥርሶች አይተው «እነዚህን ለምን ጎዳሃቸው?» አሉኝ።

«የሚያስቆሙት እነርሱ ነበሩ፥ አባባ» አልኋቸው።

«እስቲ ቍጥራቸውን ንገረኝ።»

ነገርኋቸው።

«በየስምንተኛው የሚያጠፋ ጥርስ የት አገር አለ? አርባውን ጥርስ በእጅህ ነው የቈረጥኸው፤ እጅህ ቢሳሳት እንዲህ ቈጥሮ አይሳሳትም። ለመሆኑ ከሁለቱ ስምንት ያለው የትኛው ነው?»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ፋኖሱን አወጡና ሦስት ዘንግ ያህል አዙረው መልሰው አገቡት። መኪናው እንደ ገና ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አሁን ግን የቆመው በ6፣ በ14፣ በ22፣ በ30 እና በ38 ላይ ነው። እነዚህ ሞረድ ያልነካቸው ደኅና ጥርሶች ናቸው። ጥፋቱ ያለው በፋኖሱ ላይ፥ በአንዲት ጠባብ ክፍተት ላይ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። 40 ለ8 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፥ ያች ክፍተት በየዙሩ የምታገኘው ያንኑ አምስት ጥርስ ነበር። እኔም ያለ ጥፋታቸው የቀጣሁት እነርሱን ነው።

የአባቴን ዘዴ ለሌላም ማርሽ መጠቀም ይቻላል። መቆሙ የሚደጋገመው ፋኖሱ አንድ ዙር በጨረሰ ቍጥር ከሆነ በሽታው ከፋኖሱ ነው፤ መንኰራኩሩ አንድ ዙር ሲጨርስ ብቻ ከሆነ ከመንኰራኩሩ ነው። በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ የሚከብድ ከሆነ የጥርሱ ቅርጽ ወይም የዛቢያዎቹ ርቀት ተሳስቷል። ግማሹ ዙር ጠብቆ ግማሹ ከላላ ደግሞ የዛቢያው ቀዳዳ ከክቡ መካከል ወጣ ብሏል ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ ሞረድ ማንሣት በሽታውን ሳይለዩ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ቀረ። ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ፥ በትልቁ ክብ ላይ የተስማማው 31.4 በትንሹ ክብ ላይ ለምን ከዳኝ? መልሱን ያገኘሁት ሰኞ ዕለት ከመምህራችን ነው። መምህራችን መልሱን በቃል አልነገሩኝም፤ ኮምፓስ ሰጥተው ልጆች ሁሉ የሚያውቁትን ባለ ስድስት ቅጠል አበባ እንድሥል አዘዙኝ። እንደምታውቁት ኮምፓሱን ሳንቀይር በዚያው በራዲየሱ ክቡን ስንራመድ ልክ ስድስት ጊዜ ይገባል። «እንግዲህ ዙሪያው ስንት ራዲየስ ነው?» አሉኝ። ስድስት ልል ስል አፌን ያዝሁ፤ የክብ ዙሪያ ሁለት ጊዜ 3.1416፥ ማለት 6.283 ራዲየስ ነውና። ታዲያ 0.283 ወዴት ሄደ?

የትም አልሄደም። ኮምፓስ ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚሄደው በቀጥታ፥ በአቋራጭ ነው፤ ይህ መስመር አውታር ይባላል። በ3.1416 አባዝተን ያገኘነው ልክ ግን የክቡን ጉብጠት ተከትሎ የሚሄደው የቅስቱ ርዝመት ነው። ኮረብታን ዞሮ የሚሄድ መንገድና ኮረብታውን ሰንጥቆ የሚያልፍ አቋራጭ አንድ እንዳልሆኑ ሁሉ፥ ቅስትና አውታርም አንድ አይደሉም። የአውታሩን ልክ ለማግኘት ሙሉ ዲያሜትሩን በሳይን ማባዛት ነው፤ የሳይኑም ማዕዘን 180 ዲግሪ ለዘንጎቹ ቍጥር ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ለእኛ ፋኖስ 180 ለ8 ሲካፈል 22.5 ዲግሪ ይሆናል፤ ሳይኑ 0.38268 ነው፤ በ80 ሲባዛ 30.615 ሚሊሜትር ይሰጣል። ኮምፓሴን መክፈት የነበረብኝ በዚህ ልክ ነበር። ለመንኰራኩሩ ግን 400 በ4.5 ዲግሪ ሳይን ሲባዛ 31.384 ይሆናል፤ ከቅስቱ የሚያንሰው በ0.03 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በትልቁ ክብ ላይ ስሕተቴ ከጸጉር ቀጥኖ ተሰወረ፤ ፋኖሱ ግን አነስተኛና በጣም የጎበጠ ስለሆነ በእያንዳንዱ ክፍተት ላይ 0.8 ሚሊሜትር አጠፋሁ። በትልቁ ላይ የተሳካው ነገር በትንሹም ይሳካል ብዬ ማመኔ ነው ያሳሳተኝ።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ፋኖሱን እንደ ገና ሠራሁት፤ በዚህ ጊዜ ግን አንድም ቍጥር ሳልለካ ነው። 8 ማለት 2 በ2 በ2 ስለሆነ፥ አንድ ዲያሜትር ይሠመራል፤ በኮምፓስ ብቻ ቀጥ ያለ ተሻጋሪ ይሠመርበታል፤ አራቱ ማዕዘኖች ደግሞ እያንዳንዳቸው ለሁለት ይከፈላሉ። ልኬት ከሌለ የልኬት ስሕተት የለም። 30.615 የሚለውን ቍጥር የተጠቀምሁበት በመጨረሻ፥ ሥራዬን ለመመርመር ብቻ ነው። ሁለቱን ክብ ጣውላዎች አንድ ላይ አጥብቀን አስረን በአንድ ጊዜ በሳናቸው፤ ለየብቻ ቢበሱ ዘንጎቹ ዘንበል ማለታቸው አይቀርም። መሰርሰሪያው ወደ እንጨቱ ለስላሳ ጎን እንዳይሸሽም አስቀድመን በቀጭን ምላስ በስተን ኋላ በወፍራሙ አሰፋነው።

የተሞረዱት አምስት ጥርሶች ግን አልዳኑም። በድሮ ወፍጮዎች ጥርሶቹ አንድ በአንድ በቀዳዳ የሚሰኩ ስለ ነበሩ የተጎዳውን አውጥቶ ሌላ መተካት ይቻል ነበር፤ የእኛ መንኰራኩር ከአንድ ጣውላ ስለ ተቈረጠ አዲስ መሥራት ግድ ሆነብን። ይህም ሌላ ሐሳብ አመጣ። የእንግሊዝ አገር የወፍጮ ሠሪዎች ከጥርሶቹ ቍጥር ላይ አንድ ጥርስ የመጨመር ልማድ ነበራቸው። 40 የነበረው 41 ቢሆን፥ ለ8 ያለ ቀሪ ስለማይካፈል እያንዳንዱ ጥርስ በተራው ከስምንቱም ዘንጎች ጋር ይገናኛል። መበላቱም በሁሉ ላይ እኩል ይሆናል። እኛም 41 አደረግነው። እርምጃው እንዳይለወጥ የመገናኛው ክብ ዲያሜትር 410፥ የዛቢያዎቹ ርቀት 245 ሚሊሜትር ሆነ። የዚህ ዘዴ አንዱ ጥቅሙ፥ በአንዱ ዘንግ ላይ ያለ ጥፋት በአንድ ጥርስ ላይ አለመመደቡ ነው። በመጀመሪያ 41 ጥርስ ቢኖረን ኖሮ፥ መቆሙ በየዙሩ ከጥርስ ወደ ጥርስ ይዘዋወርና ጥፋቱ የፋኖሱ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን እረዳ ነበር።

እንግዲህ 41 እያጋመሱ ሊከፍሉት የማይቻል ቍጥር ነው። በኮምፓስ መራመድም አደገኛ ነው፤ የአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ስሕተት 41 ጊዜ ሲደጋገም 4 ሚሊሜትር ይሆናልና። ያን ጊዜ አባቴ የሰጡኝ ምክር ይህ ነበር። የተቈረጠውን ክብ ጣውላ ጠርዝ በወረቀት ጥብጣብ ዙሪያውን ጠቅልሎ ልክ በሚገናኝበት መቍረጥ፤ ጥብጣቡን ፈትቶ በጠረጴዛ ላይ መዘርጋት፤ በቀጥታው ላይ ከፍሎ መልሶ መጠቅለል። የጣውላችን የውጭ ዲያሜትር የጥርሱ ቁመት 12 ሚሊሜትር ሁለት ጊዜ ተጨምሮበት 434 ነበር፤ ጥብጣቡም 1363.4 ሚሊሜትር ወጣ። ለ41 ሲካፈል 33.25 ተኩል ያህል፥ ማለት 33.255 ነው። ምልክቶቹን ግን ከአንዱ ወደ ቀጣዩ አልለካንም፤ ሁሉንም ከዜሮ ጀምረን 33.3፣ 66.5፣ 99.8፣ 133.0 እያልን እስከ መጨረሻው አደረስን። እንዲህ ሲሆን አንዱ ምልክት ቢሳሳት ስሕተቱ በእርሱ ላይ ይቀራል እንጂ ወደሚቀጥለው አይወርስም። ጥብጣቡ ሲጠቀለል ከጠርዙ ጋር ይጎብጣል፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ የሚለካው ቅስት ነው፤ በ3.1416 የተገኘውም ቍጥር ያለ ሳይን በትክክል ይሠራል። በኮምፓስ ላይ የከዳኝ ሒሳብ በወረቀት ላይ ታማኝ ሆነልኝ። ከምልክቶቹ ወደ ክቡ መካከል መስመር ከሠመርን በኋላ የመገናኛውን ክብ በላዩ ሣልን፤ የጥርሶቹም ቦታ ተወሰነ።

ስለ ጥርሱ ቅርጽ ብዙ ወላጆች ጠይቀዋል። ጥርስ እንዲያው በዓይን የሚቀረጽ ነገር አይደለም። ዘንጉ በኩል ፍጥነት እንዲገፋ ጥርሱ የተወሰነ ጉብጠት ሊኖረው ይገባል፤ ይህም ኤፒሳይክሎይድ ከሚባለው መስመር ይወጣል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1676 ዓ.ም. ብርሃን በተወሰነ ፍጥነት እንደሚጓዝ ያስታወቀው የዴንማርክ ተወላጅ ኦሌ ሮመር ይህን መስመር ለጥርስ ቅርጽ አስቀድሞ እንዳሰበ ይነገራል፤ ፈረንሳዊው ፊሊፕ ደ ላ ሂር ደግሞ በዚያው ምዕት ዓመት ማብቂያ ላይ በሰፊው ጽፎበታል። ስሙ ከባድ ቢመስልም አሣሣሉ የልጅ ጨዋታ ነው። ከጠንካራ ካርቶን በ205 ሚሊሜትር ራዲየስ የትልቁን ክብ ቍራጭ፥ በ40 ሚሊሜትር ራዲየስ ደግሞ ትንሽ ክብ ይቈረጣል። በትንሹ ክብ ጠርዝ ላይ የእርሳስ ጫፍ የሚገባባት ቀዳዳ ትበጃለች። ትንሹን ክብ በትልቁ ጠርዝ ላይ ሳያንሸራትቱ ሲያንከባልሉት እርሳሱ አንድ መስመር ይሥላል። እንዳይንሸራተት በሁለቱም ጠርዝ ላይ ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ብንለጥፍበት በደንብ ያዘ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ያ መስመር የዘንጉ መካከል የሚሄድበት መንገድ እንጂ የጥርሱ ጎን አይደለም። ዘንጉ ውፍረት አለው፤ የእኛ 15 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ በተሣለው መስመር ላይ በተርታ 7.5 ሚሊሜትር ራዲየስ ያላቸው ብዙ ትናንሽ ክቦች ይሣላሉ፤ ከዚያም በጥርሱ በኩል ሁሉንም ክቦች እየነካ የሚያልፍ መስመር ይሠመራል። የጥርሱ ጎን ይህ ነው። ከመገናኛው ክብ በታች ደግሞ ዘንጉ ሳይነካ የሚያርፍበት ግማሽ ክብ ጎድጓዳ ይቈፈራል። እኛ አንድ ጎን ብቻ ሥለን በቆርቆሮ ላይ ቈረጥነው፤ በዚያው ቆርቆሮ አንድ ጊዜ በፊቱ አንድ ጊዜ በጀርባው እያደረግን 41ዱንም ጥርሶች ሣልን። የቆርቆሮው ልክ ጥቂት ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ በጥርሶች ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ አንድ ዓይነት የሆነ ጥቂት ስሕተት ደግሞ መኪናን አያቆምም። መኪናን የሚያቆመው አንዱ ከሌላው መለየቱ ነው።

የአገጣጠሙ ነገር ከዚህ ይከተላል። ከ31.4 ሚሊሜትር እርምጃ ውስጥ 15ቱን ዘንጉ ይወስዳል፤ የቀረውን 16.4 በሙሉ ለጥርሱ ብንሰጠው ለመንቀሳቀሻ ምንም አይተርፍም፤ ጥቂት እርጥበት ቢገባው ወዲያው ይነክሳል። ስለዚህ ጥርሱን በመገናኛው ክብ ላይ 15.6 አድርገን 0.8 ሚሊሜትር ፋታ ተውንለት። ከዚህ ቢበልጥ ይንኳኳል፤ ቢያንስም ለእንጨት አይሆንም። ያ የመጀመሪያው ፋኖስ በ1.5 ሚሊሜትር የጠበበ ክፍተት ስለ ነበረው፥ ፋታው 0.8ቱን ከሸፈነለት በኋላ የቀረው 0.7 ሚሊሜትር ነው ያን ሁሉ ችግር ያመጣው። ፋታ ያልተስተካከለ አከፋፈልን ሊሸፍን ይችላል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው፤ እርሱ የተሰጠው ለእንጨቱ ማበጥና ለሰም ነው።

የዛቢያዎቹንም ርቀት እንደ ልብ ማስጠጋትና ማራቅ አይቻልም። በዛሬዎቹ የፋብሪካ ማርሾች ላይ ያለው ኢንቮሊዩት የሚባለው ጥርስ ርቀቱ ጥቂት ቢለወጥ ይታገሣል። የፋኖስ ማርሽ ጥርስ ግን ለ245 ከተሣለ በ245 ላይ ነው በትክክል የሚሠራው። እኛ የአንዱን ዛቢያ ማቀፊያ በሽብልቅ እንዲስተካከል አድርገነው ነበር፤ ልኩን ካገኘን በኋላ በምስማር መታነው።

አንድ ተማሪ በዚያን ቀን ድንጋዩን በእጁ ይዞ ወደ ኋላ ለማዞር ሞክሮ ከብዶት ነበር። ጥፋት መስሎት ነገረን፤ ጥፋት ግን አይደለም። መንኰራኩሩ ፋኖሱን ሲገፋ ጥርስና ዘንግ የሚነካኩት በአብዛኛው ሁለቱን ዛቢያዎች የሚያገናኘውን መስመር ካለፉ በኋላ፥ እየተለያዩ ሳሉ ነው፤ ሰበቃውም ለስላሳ ነው። ፋኖሱ መንኰራኩሩን ሲገፋ ግን የሚነካኩት ወደ መስመሩ እየተቃረቡ ሳሉ ስለሆነ ጥርሱ እንደ መቈፈር ያደርገዋል። ሰዓት ሠሪዎች ፋኖሱን ሁልጊዜ ተገፊ እንጂ ገፊ የማያደርጉት ስለዚህ ነው።

ዘንጎቹን ከወይራ እንጨት ሠራናቸው፤ በዘንጎቹና በጥርሶቹ ላይም ንጹሕ ሰም ቀባን። የሆላንድ ወፍጮ ጠባቂዎችም ለእንጨት ጥርስ የሚቀቡት የንብ ሰም መሆኑን ያነበብነው ከዚያ በኋላ ነው፤ አባቴ ግን ሳያነቡ ያውቁት ነበር።

አዲሱ መንኰራኩር የተገጠመው የወላጆች ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ የፋኖሱን ዘንጎች ስንመረምር በመካከላቸው ላይ ስምንቱም በእኩል መጠን አብርተዋል። ሰበቃውን ይበልጥ ለመቀነስ በዚህ ዓመት ሌላ ነገር ልንሞክር አስበናል። እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ጆን ሃሪሰን በ18ኛው ምዕት ዓመት በእንጨት ሰዓቶቹ ፋኖስ ላይ፥ ከራሱ ቅባት ካለው ጠንካራ እንጨት የተሠሩ፥ በነሐስ ዘንግ ላይ የሚሽከረከሩ ትናንሽ ቱቦዎች አግብቶባቸው ነበር። እኛም የወይራውን ዘንግ በመካከሉ በስተን በቀጭን ብረት ላይ እንዲዞር እናደርገዋለን። የውጭ ስፋቱ ግን ያው 15 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ አለዚያ 41ዱን ጥርሶች እንደ ገና መሣል ሊኖርብን ነው።